ጨው የነካው መግቢያ

ሜሳ፣ አሪዞና
ኤፕሪል 11 ቀን 1994

ይድረስ ለማከብርሽና ለምሳሳልሽ ታላቅ እህቴ ሳይማ፤

እትዬ፣ የአባታችን አምላክ ምድጃሽን አሙቆ፣ ጉልበትሽን አጽንቶ ያቆይሽ። እኔ ፀሐይ ከሚቀጠቅጠኝ በቀር ደህና ነኝ።

ክላይድ ደውሎልኝ ነበር። አዎ፣ አጥር የምትጋሪው ጎረቤትሽ ክላይድ። የመኪናው መግቢያ ላይ ወድቀሽ የግራ እጅ አንጓሽ ተሰብሮ በጀሶ እንደታሰረ ነገረኝ። የገዛ እህቴ እጇ መሰበሩን ከጎረቤት ልስማ? ባለፈው ደብዳቤሽ ስለ እንፋሎት መታጠቢያው፣ ስለ ሳውናው ጭስ ማውጫ ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፈሽልኛል። ስለ እጅሽ ግን አንዲት ቃል አልነበረችበትም።

ያ መግቢያ አብቅቶለታል፣ እትዬ። ብርዱ በየዓመቱ አስፋልቱን ከስር እያነሳ ያፈነዳዋል፤ መሃሉ ላይ ያለው ስንጥቅ ድሮ ሳንቲም ይውጥ ነበር፣ አሁን ድመት ይውጣል። ቤቱም ከሱ አይሻልም። አንቺም ስልሳ ስምንት ዓመት ሞላሽ። ቤቱ ግማሹ ያንቺ፣ ግማሹ የእኔ ነው፤ እንሽጠውና እንገላገል። ለበጋ ማረፊያ የሚፈልገው የዲትሮይት ሰው አግኝቻለሁ። ባለቤቴ ዶሪስ ከሞተች ወዲህ እዚህ አንድ ክፍል ባዶውን ተቀምጧል። የሚዛቅ በረዶ የለም፤ ጠዋት ተነስተሽ ሎሚ ከዛፍ መቅጠፍ ብቻ ነው።

እምቢ እንዳትዪኝ። እምቢታሽን ከልጅነታችን ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ ግን አሁን አጥንትሽ አይችለውም። ፈጣሪ ከሚያዳልጥ ነገር ሁሉ ይጠብቅሽ።

ታናሽ ወንድምሽ ላውሪ


ሃንኮክ፣ ሚሺጋን
ሜይ 2 ቀን 1994

ለወንድሜ ለላውሪ፤

ሰላምና ጤና ካንተ አይለዩ። እኔ በአንድ እጄ ተመስገን እያልኩ አለሁ። ስልክ አንስቼ የማልደውልልህ እናታችን «በስልክ የተባለ በነጋታው ይካዳል» ትል ስለነበር ነው። ይህን እንዳትክደኝ፣ ይኸው በቀለም ጽፌልሃለሁ፦ ቤቱ አይሸጥም።

የሰበረኝ መግቢያው ነው እንጂ ቤቱ ምን አደረገኝ? ጥርሱን ያመመው ሰው ጥርሱን ያስነቅላል እንጂ አንገቱን አያስቆርጥም። ስለዚህ ኦገስት ላይ መግቢያውን ከነሥሩ አስነቅለዋለሁ። ላዩን አስፋልት አልብሺው ብለህ እንዳትመክረኝ፤ ያን ሦስቴ አልብሰነው ሦስቴም ተሰነጠቀ። ሳይታጠብ የተሸፈነ ቁስል መልሶ ያመረቅዛል። አርማታ ነው የማስፈስሰው።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ምድር ቤት ተሰብስበን ሄል የገባበትን ዳቦ ስንቆርስ ነገርኳቸው። ከመንገድ ማዶ ያለችው ሂልያ ሳቀችብኝ። «ሳይማ፣ በዚህ ዕድሜሽ አርማታ?»

«ታዲያ በስንት ዕድሜዬ ላስጀምረው?» አልኳት።

«አርማታው እኮ ካንቺ በላይ ነው የሚኖረው።»

«ይኑራ! እኔ ከሱ ጋር ልወዳደር አልወጣሁ።»

የዲትሮይቱን ሰው ዳቦህን ብላ፣ ሂድ በለው። እኔ ከዚህ ቤት የምወጣው ስድስት ሰው ተሸክሞኝ ነው፤ ያኔም ቢሆን ተሸካሚዎቹ እንዳይደናቀፉ መግቢያው ደልዳላ ይሁን።

ደግሞ እጅህ ምን ሆኗል? ፊደልህ ከመስመሩ እየወረደ ገጹ ግርጌ ላይ ይከመራል።

እህትህ ሳይማ


ሜሳ
ጁን 20 ቀን 1994

ይድረስ ለእህቴ ለሳይማ፤

ጤና ይስጥልኝ። ካልኩ በኋላ፣ ተናድጃለሁ።

ሠላሳ ሦስት ዓመት በመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት በረዶ የሚያቀልጥ ጨው የሚበትን መኪና ነድቻለሁ። ለስንት ሐኪም፣ ለስንት አዋላጅ፣ ለስንት ሬሳ መንገድ ከፍቻለሁ። ስለ መንገድና ስለ በረዶ ማንም ያስተምረኝ፣ ቄስ ያስተምረኝ፣ አንቺ ግን አታስተምሪኝም! በዚያ አገር አስፋልት ይለመጣል፣ አርማታ ይሰበራል። በረዶን የሚያሸንፈው ደግሞ ጨው ነው፤ ሌላው ሁሉ ወሬ ነው።

ያንን መግቢያ አባታችን በገዛ እጁ ነው የሠራው። ከኮሪያ ጦርነት ቆስዬ፣ እግሬን በብረት መደገፊያ አሳስሬ ስመለስ መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው፤ አዲስ፣ ጥቁር፣ እንደ ተወለወለ ጫማ የሚያበራ። አርባ ዓመት ቆሟል። አንዴ አዳለጠሽ ተብሎ የአባት ሥራ በዶማ ይናዳል? በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተሽ ገደሉን እንዳትስቺ።

ለዚህ ሥራ አልፈርምም፤ ገንዘብም አላዋጣም። ስለ እጄ ለጠየቅሽው፣ ብዕሩ ነው።

ላውሪ


ሃንኮክ
ሴፕቴምበር 14 ቀን 1994

ለወንድሜ ለላውሪ፤

የሰማዩ ጌታ ብርታትን፣ ከዚያ ቀጥሎም ደህና ብዕር ይስጥህ። አለቀ! እንኳን ደስ አለህ በለኝም አትበለኝም፣ አልቋል።

ያሠራሁት ሩዲ የሚባል የዚሁ አገር ልጅ ነው። በርሜል የመሰለ ሰው ነው፣ አንገት የለውም፣ ግን ሥራ ያውቃል። በመጀመሪያው ቀን አስፋልቱን ገልብጦ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆሞ ሳቀ።

«እማማ ሳይማ፣ ይህን የሠራው ሰው ባቡር ሊያመልጠው ነበር እንዴ?»

ወርጄ አየሁት። ከአስፋልቱ ስር አንድ ጋት የተቃጠለ ከሰል ዝቃጭ አለ፤ ከዚያ በታች ጥቁር አፈር ብቻ ነው። ገረጋንቲ የለ፣ ድልደላ የለ። ውሃው እዚያ ይተኛል፣ በረዶ ይሆናል፣ ያብጣል፣ ይሰነጥቀዋል። አርባ ዓመት ስንረግመው የኖርነው ብርድ ለካ ጥፋት አልነበረበትም።

«አባቴ ነው የሠራው» አልኩት።

ሩዲ ኮፍያውን አወለቀ። «ይቅርታ እማማ።»

«ይቅርታህን ለራስህ ያዝ። ቆፍር።»

አባታችን ችኩል ሰው እንዳልነበረ ታውቃለህ። አንድ የመስኮት ፍሬም ሲሠራ በጋ የሚያልፍበት ሰው ነበር። ለምን እንደቸኮለ እኔ አውቃለሁ፣ አንተ ግን አሁን ይህን የምታነበው ጥርስህን ነክሰህ ስለሆነ አልነግርህም።

እስከ ጉልበቴ ተቆፈረ። ገረጋንቲ ተሞላ፣ ተጠቀጠቀ፣ ፌሮ ተዘረጋ። ከድሮው በጣም ሰፋ፤ የመኪና በር ወለል ብሎ ተከፍቶ በጎኑ ሁለት ሰው ተደጋግፎ ያልፋል። የወጥ ቤቱን ሦስት የድንጋይ ደረጃዎችም አስነስቻለሁ። መግቢያው ራሱ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣና በሩ ላይ ያበቃል። ሩዲ «ለማን ነው ይህ ሁሉ? እርስዎ በእግርዎ አይደል የሚሄዱት?» ቢለኝ ሥራህን ሥራ አልኩት።

አርማታው የፈሰሰ ዕለት መንደሩ ወንበሩን ይዞ ወጣ። ክላይድ ሁለት ወንበር አመጣ፣ አንዱ ለእግሩ ነው። ሩዲ ላዩን እንደ ሊሾ ሊያለሰልሰው ሲል ጮህኩበት፤ ገና እርጥብ እያለ በመጥረጊያ እንዲያሻክረው አደረግኩ። ክላይድ ከወንበሩ ሆኖ «ሳይማ፣ አሁን በሱ ላይ መደነስ አይቻልም!» አለኝ። «አንተ መቼ ደንሰህ ታውቃለህ?» አልኩት። ከዚያ በኋላ ሳምንት ሙሉ ጠዋትና ማታ እንደ ጎመን ውሃ አጠጣሁት።

ሩዲ ሲሄድ ሁለት ነገር አስጠነቀቀኝ። አንደኛው፣ ቶሎ መኪና እንዳላስገባበት። ሁለተኛው በእኔና በሱ መካከል ይቅር፤ ላንተ ሳቅ ቀለብ አልሰጥም።

እህትህ ሳይማ


ሜሳ
ዲሴምበር 12 ቀን 1994

ይድረስ ለእህቴ ለሳይማ፤

እንኳን ለልደቱ በዓል በጤና አደረሰሽ። በታይፕ በመጻፌ አትገረሚ፤ እየተለማመድኩ ነው። መልሱ በመዘግየቱም ይቅርታሽ አይለየኝ።

መግቢያው በማለቁ ደስ ብሎኛል። በእውነት። በረዶው እንዴት ነው? ጠዋት ስትወጪ ያዳልጥሻል? ዘንድሮ ማን ይዝቅልሻል? ክላይድ ጤናው ደህና ነው?

የዲትሮይቱ ሰው በረዶው እስኪቀልጥ እታገሳለሁ ብሏል። እንድታውቂው ያህል ነው። ሳታይ እንዳትረግጪ። አደራ።

ላውሪ


ሃንኮክ
ጃንዋሪ 15 ቀን 1995

ለወንድሜ ለላውሪ፤

አዲሱ ዓመት የምሕረት ይሁንልህ። ለእኔ የጦርነት ሆኗል።

ደንቡን አንተም ታውቃለህ። እዚህ አገር ሳይነጋ መጥቶ በረዶህን የሚዝቅልህን ሰው አታየውም። ብታየውም አላየኸውም። ዳቦ አጥሩ ላይ ብታኖርለት እንኳ «ተርፎኝ ነው» ነው የሚባለው። ያመሰገንከው ዕለት ሰውየውን ሰድበኸዋል፤ ሁለተኛ አይመጣም። አባታችን የጎረቤታችንን የአንድሬን አባት አንዴ አመስግኖት ሁለቱ ሽማግሌዎች እስኪሞቱ አልተነጋገሩም።

አሁን አንዱ መግቢያዬን ይዝቅልኛል። ይባረክ። ከዛቀ በኋላ ግን ጨው ይበትንበታል! ሩዲ የነገረኝና ያልጻፍኩልህ ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ይኸው ነው፦ አዲስ አርማታ የመጀመሪያውን ክረምት ጨው አይንካው፣ ቆዳው ይላጣል፣ አሸዋ ብቻ በትኚ። አልጻፍኩልህም፤ ብጽፍልህ የጨው መኪናህን ጥሩምባ እየነፋህ ትስቅብኝ ነበር። ይኸው አሁን ሳቅ።

በቀጥታ «ጨው አትበትኑ» ማለት ነውር ነው፤ መዛቁን አይቻለሁ ማለት ይሆናል። ስለዚህ በዘዴ አንድ ባልዲ ሙሉ አሸዋ መግቢያው ጥግ አስቀመጥኩ። የገባው ሰው ይገባዋል ብዬ። ባልዲው ሦስት ቀን ቆመ። በአራተኛው ቀን አሸዋው በሥርዓት ተገልብጦ፣ ባልዲው እስከ አፉ በጨው ተሞልቶ አገኘሁት! ጨው ያጣሁ ድሃ መስዬው መሆን አለበት። ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ ይሉ የለ? ይህኛው አልጣፈጠኝም።

ጋራዡ በር አጠገብ ላዩ መነሳት ጀምሯል። እንደ ዓሣ ቅርፊት ይነሳል። አየሁትና በረዶው ላይ ቆሜ አለቀስኩ፣ ከዚያም እንባው ፊቴ ላይ በረዶ እንዳይሆን ተውኩት። ቢላጥም ግን አልሸጥም። እስከ ፌሮው ቢላጥ አልሸጥም።

ታይፑን ተውና ጻፍልኝ።

ሳይማ


ሃንኮክ
ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1995

ለላውሪ፤

ሰላም ላንተ ይሁን። ሳትመልስልኝ ወር አለፈ። ዝምታህን አሁን ተረድቼዋለሁ።

ሐሙስ ገና ጎህ ሲቀድ ኮቴን ደርቤ ከጋራዡ ጥግ ቆምኩ። አዎ፣ ደንቡን ጣስኩ። አርባ ዓመት ያከበርኩትን ደንብ በአንድ ጠዋት ጣስኩት፤ ሰማዩም አልተደፋብኝም።

«ክላይድ!»

«እዚህ የለሁም» አለኝ፣ የጨው ባልዲውን እንደያዘ።

«የለህም? ይህ ባልዲ በራሱ እግር መጣ?»

«ሳይማ፣ በእናትሽ ግቢ። አላየሽኝም፣ አላየሁሽም።»

«ማነው ጨው በትን ያለህ?»

«እኔ ሰውን አላጋልጥም።»

«አንተ? እጄ በተሰበረ ዕለት ጀሶው ሳይደርቅ አሪዞና ድረስ የደወልክ አንተ?»

ባልዲውን አስቀመጠ። «ላውሪ ነው። ዲሴምበር አንድ ካለ ጀምሮ በሳምንት ሦስቴ ይደውላል። አጥንቷ አይችልም፣ ጨው ሳትሳሳ በትንላት ይለኛል። ባልዲው ውስጥ አሸዋ እንዳስቀመጥሽ ስነግረውማ ጨው አልቆባት ነው፣ ሙላላት አለኝ። ምስኪን፣ ስልኩ እንኳ ከእጁ እየወደቀበት…» ብሎ አፉን ያዘ።

«ከእጁ እየወደቀበት ምን?»

«ምንም። መስመሩ ይቆራረጣል ማለቴ ነው።»

ዓይኑን አየሁት፤ ውሸት አያውቅበትም። ስለዚህ የሚጎዳውን ነገር አደረግኩበት። «ክላይድ፣ ስለዛቅህልኝ አመሰግንሃለሁ» አልኩት፣ ጮክ ብዬ፣ መንደሩ እየሰማ። ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «ምን በደልኩሽ?» ብሎኝ ሄደ። ቅዳሜ ግን ሳውናዬ ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት፤ እንጨት ያነደደውም እሱ ነው። ካልደፈረሰ አይጠራም ማለት ይኸው።

ላውሪ፣ በጣም ተናድጄብሃለሁ። በራሴም ተናድጃለሁ፤ ያቺን አንድ ዓረፍተ ነገር በኩራት ባልደብቃት አንተም በፍርሃት ጨው ባላዘዝክ። ግን አሁን የምጠይቅህ ስለ ጨው አይደለም። በገዛ እጅህ ጻፍልኝ። ታይፕ ከላክህ ሳልከፍተው ምድጃ ውስጥ እጨምረዋለሁ።

ሳይማ


ሜሳ
ማርች 19 ቀን 1995

እትዬ፤

ጤናሽ ይብዛ። ይህችን ገጽ ለመጻፍ አራት ቀን ፈጅቶብኛል። አንብቢው ብዬ አልለምንሽም፤ ከቻልሽ።

የሚያንቀጠቅጠው በሽታ ነው። ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። መጀመሪያ እጄ፣ አሁን እግሬም። ባለፈው ወር ተሽከርካሪ ወንበር ሰጡኝ።

ጨውን እኔ ነኝ ያዘዝኩት። አርማታ እንደሚጎዳ አላወቅኩም፤ እኔ የማውቀው አስፋልት ነው። በቀን መቶ ጊዜ ስትወድቂ ይታየኝ ነበር። ለሰው ማሰብ የማውቀው ጨው በመበተን ነው፤ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሌላ ነገር አልተማርኩም። ያበላሸሁብሽን መግቢያ ይቅር በዪኝ።

ቤቱ ይሸጥ ያልኩትም ላንቺ ብዬ አልነበረም። ብቻዬን መሆን ፈርቼ ነው። የዲትሮይቱን ሰው አሰናብቼዋለሁ። ቤቱ ያንቺ ነው፣ በፈለግሽው ወረቀት ላይ እፈርማለሁ፤ ፊርማዬን ማንበብ ከቻሉ።

አንድ ነገር ግን ስሚኝ። ና እንዳትዪኝ። በዚያ በር አንዴ በ1953 አባቴ እንደ ከረጢት ተሸክሞኝ ገብቻለሁ፤ መንደሩ ሁሉ ቆሞ ያይ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሁለተኛ ሰው ተሸክሞኝ በዚያ በር አልገባም። እምቢታ በዘራችን ነው፣ ያንቺ ብቻ አይደለም።

ላውሪ


ሃንኮክ
ኤፕሪል 4 ቀን 1995

ለምወድህ ወንድሜ ለላውሪ፤

እስከዛሬ ያቆየህ አምላክ መንገድህን ያቅናልህ። ዛሬ ስለ መንገድ ነውና የማወራህ፣ ምርቃቱ ቦታውን ያገኘ ይመስለኛል።

ገጽህን አነበብኩት። ሁሉንም፣ ፊደል በፊደል። እናታችን እንዳለችው በደብዳቤ የተጻፈ አይካድምና እኔም አልክድህም፦ የአያታችን እጅ እንዴት እንደጀመረ እኔ አስታውሳለሁ፣ አንተ ግን ሕፃን ነበርክ። የሷም ፊደል እንደዚሁ ቁልቁል ወረደ፣ ኋላም እግሯ ከዳት። ያንተው መውረድ የጀመረው ዶሪስ ከሞተችበት ዓመት ነው። ታውቅብኝ ይሆን ብለህ በብዕር ስታመካኝ፣ እኔ ሩዲን አስጠርቼ ስንት ክንድ እንደሚሰፋ እለካ ነበር።

አሁን አባታችን ለምን እንደቸኮለ ልንገርህ። ቴሌግራሙ የመጣው ኦክቶበር ላይ ነው። እግርህ በብረት ተደግፎ በሳምንቱ እንደምትደርስ ይላል። መግቢያው ያኔ ጭቃ ነበር፤ መኪና ከመንገዱ አልፎ አይገባም። አባታችን «ልጄ በጭቃ ላይ ተጎትቶ አይገባም» አለና ገረጋንቲ የሚጠብቅበት ቀን ስላልነበረው የከሰል ዝቃጭ ከማዕድን ማውጫው እያጋዘ ደፋበት፣ አስፋልት አለበሰው። እንደሚሰነጠቅ ያውቅ ነበር። እየሰማሁት ለእናታችን «ላውሪ እስኪገባ ይያዝልኝ፣ ከዚያ ይሰንጠቅ» አላት። መኪናው በር ድረስ ደረሰ። የቀሩት ሦስቱ ደረጃዎች ነበሩ፤ የተሸከመህም እነሱን ለማለፍ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ ወደ ደረጃዎቹ ሲያይ ፊቱ ይጠቁር ነበር።

ደረጃዎቹ የሉም፣ ላውሪ። ማንም አይሸከምህም። ከመኪናው በር እስከ ወጥ ቤቱ ምድጃ ድረስ የሚሽከረከር ነገር ሁሉ ያልፋል። ሞክሬዋለሁ፤ ክላይድን በድንች ጋሪ ላይ አስቀምጬ በዚህ በተሰበረ እጄ እየገፋሁ እስከ ምድጃው አደረስኩት። ሂልያ ከመንገድ ማዶ ቆማ እያየች «ሳይማ፣ አበድሽ?» አለችኝ። «ጋሪውን ያዢና ሞክሪው» አልኳት። ክላይድ ደግሞ ከጋሪው ሳይወርድ «ወንድምሽ ከእኔ ይቀላል፣ አትፍሪ» አለ።

በረዶው ቀልጦ መግቢያው ሙሉ በሙሉ ወጥቷል። ጨውህ እንደ ፈንጣጣ አድርጎታል፣ አልዋሽህም። ሩዲ ላዩን አዲስ ላልብሰው ቢለኝ እምቢ አልኩት። ከስሩ ደንዳና ነው፣ ፊቱ ጠባሳ ይኑረው። ደግሞ ከመጥረጊያው ይልቅ ያንተ ጨው ነው ደህና አድርጎ ያሻከረው፤ ባለፈው ውርጭ ጎማም ጫማም አላዳለጠበትም። መንደሩ ይሳቅ፤ ያየ ይይ።

ሩዲ ሜይ ሃያ ቀን አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ይጠብቅሃል። ሎሚውን ለጎረቤትህ ተውለት። እምቢ ካልክ ሁለታችንንም አንድ እናት ናት ያጠባችን፣ ማን እንደሚያሸንፍ እናያለን። አባታችን አንተን ለመቀበል ቸኩሎ ሠራው። እኔ ሳልቸኩል ሠርቼ ጨርሻለሁ፤ መቸኮል አሁን ያንተ ተራ ነው። ብቻ ጨው ይዘህ እንዳትመጣ።

እህትህ ሳይማ